ያልወጡ ክሮች፦ ከቢል ኢቫንስ የድኅረ ሞት ቅጂዎች የምንማረው
(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ አሜሪካዊ የጃዝ ፒያኒስት፣ ስለ ቢል ኢቫንስ፣ በተለይም እርሱ በሕይወት ሳለ ሳይታተሙ ቆይተው ከሞተ በኋላ ስለወጡ ቅጂዎቹ ነው። ለመናገር ያነሣሣኝ ግን ይህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ካርቶን ነው።

በካርቶኑ ውስጥ አሥራ አንድ ካሴቶች አሉ። ባለፈው ዓመት ያመጣችልኝ ፒያኖ ያስተማሩኝ መምህሬ ልጅ ናት። መምህሬ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድም ሸክላ፣ አንድም ካሴት በስማቸው ሳያሳትሙ ነው ያረፉት። ማታ ማታ ግን እቤታቸው ጃዝ ይጫወቱ፣ ራሳቸውንም በሬዲዮ ካሴት ይቀርጹ ነበር። ልጃቸው ካርቶኑን አስቀምጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «መምህር፣ ይውጣ ወይስ ይቅር?» አለችኝ። ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። ዛሬ የምናገረው መልሱን ፍለጋ የሄድኩበትን መንገድ ነው። ስሜን ሳይሆን ስማቸውን የሚመለከት ጉዳይ ስለሆነ፣ ልጃቸውም እንደጠየቀችኝ፣ መምህሬን በስም አልጠራም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላስታውቅ።

ቢል ኢቫንስ በ1929 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በፕሌንፊልድ ከተማ ተወለደ፤ በሴፕቴምበር 15 ቀን 1980፣ በ51 ዓመቱ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በ1959 በተቀረጸው የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበም ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከዚያ በፊት የሆነ አንድ ነገር ይበልጥ ይጠቅመናል። የመጀመሪያ አልበሙ በ1956 ተቀርጾ ከወጣ በኋላ አሳታሚው ሁለተኛውን እንዲያዘጋጅ ቢፈልግም፣ ኢቫንስ አዲስ የምለው ነገር የለኝም በማለት ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። ይህን ባሕርይውን በአእምሯችሁ ያዙልኝ። ለሕዝብ የሚደርሰውን ሥራውን የሚመዝን፣ ዝምታንም እንደ ምርጫ የሚቆጥር ሰው ነበር። ሆኖም ዛሬ ኢቫንስ ራሱ አይቶ ካሳተማቸው አልበሞች አጠገብ፣ ከሞተ በኋላ የወጡት ሌላ ትልቅ መደርደሪያ ይሞላሉ። ዛሬ ከዚህ መደርደሪያ አራት ምሳሌዎችን አነሣለሁ።

የመጀመሪያው ምሳሌ የጁን 25 ቀን 1961 እሑድ ነው። ቦታው በኒው ዮርክ ምድር ቤት ውስጥ የሚገኘው ቪሌጅ ቫንጋርድ የተባለው ጠባብ የሙዚቃ ቤት ነው። ኢቫንስ፣ ባሲስቱ ስኮት ላፋሮና ከበሮ መቺው ፖል ሞሺያን በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለት፣ ማታ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተጫወቱ፤ ሁሉም ተቀረጸ። ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ጁላይ 6፣ ላፋሮ በ25 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ኢቫንስና ፕሮዲውሰሩ ኦሪን ኪፕኒውስ ከክሮቹ የመጀመሪያውን አልበም ሲመርጡ ላፋሮ ጎልቶ የሚሰማባቸውን አስቀደሙ። አልበሙ የሚከፈተው በላፋሮ ድርሰት በ«ግሎሪያስ ስቴፕ» ነው፤ የሚዘጋውም በላፋሮ ድርሰት በ«ጄድ ቪዥንስ» ነው። እንዲህ ያለ አሰላለፍ በአጋጣሚ አይመጣም። ልክ እንደ ሐዘን ቤት ሥርዓት፣ የሟቹ ስም መግቢያና መውጫው ላይ ቆሟል።

በ2005 የዚያ ዕለት ቀረጻ በሙሉ በሦስት ሲዲ ታተመ። ቅደም ተከተሉ በሐዘን ምርጫ የተደረደረ አይደለም፤ የተጫወቱበትን ሰዓት ይከተላል። የመጀመሪያው ዜማ የ«ግሎሪያስ ስቴፕ» የመጀመሪያ ሙከራ ነው። እባካችሁ እናዳምጠው።

(ሙዚቃ ተደመጠ)

ሰማችሁት? መካከሉ ላይ ድምፁ ይጠፋል። መብራት ተቋርጦ ነው። በ1961ዱ አልበም ላይ ያለው ሁለተኛው ሙከራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ በዚህች ከተማ ያደግን ሰዎች መብራት መጥፋትን ከማንም ይልቅ እናውቀዋለንና ትንሽ ፈገግ እንደምትሉ ገምቼ ነበር። ነገር ግን ይህ ጉድለት አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። አልበሙ የተጠናቀቀ የኪነ ጥበብ ሥራ ነው፤ ሙሉው ክር ደግሞ የአንድ ቀን ሰነድ ነው። በሰነዱ ውስጥ ላፋሮ ሊሞት መሆኑን የሚያውቅ ሰው የለም። የብርጭቆ ድምፅ አለ፣ የሚያወራ ሰው አለ፣ እንደ ማንኛውም እሑድ ያለ እሑድ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ስሕተት የሚሆነው ሁለተኛውን ሰምተን «እውነተኛው አልበም ይህ ነው» ስንል ነው። መምረጥም የደራሲነት ሥራ ነውና።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጀርመን ነው። በጁን 1968 ኢቫንስ፣ ባሲስቱ ኤዲ ጎሜዝና ከበሮ መቺው ጃክ ዲጆኔት በስዊዘርላንድ የሞንትሮ ፌስቲቫል ላይ ተጫወቱ፤ ያ ኮንሰርት በአልበም ወጥቶ የግራሚ ሽልማት አገኘ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጁን 20፣ ሦስቱ በጥቁር ደን አካባቢ በምትገኘው በፊሊንገን ከተማ፣ በሃንስ ጌኦርግ ብሩነር ሽቬር ስቱዲዮ ገብተው ተቀረጹ። ኢቫንስ በወቅቱ ከሌላ አሳታሚ ጋር ውል ስለነበረው ቅጂው ሊወጣ አልቻለም። ክሮቹ ከባለ ስቱዲዮው ቤተሰብ ዘንድ ቆይተው፣ ሬዞናንስ የተባለው አሳታሚ በ2016 በሁለት ዲስክ አወጣቸው፤ ከተቀረጹ ከ48 ዓመታት በኋላ ማለት ነው።

ይህ ለታሪክ ተመራማሪ ምን ይጠቅማል? ያ ትሪዮ አብሮ የቆየው ስድስት ወር ያህል ብቻ ነው፤ ዲጆኔት ወደ ማይልስ ዴቪስ ቡድን ሄደ። እስከ 2016 ድረስ ስለዚያ ትሪዮ የምንናገረው ሁሉ በአንድ የመድረክ ምሽት ላይ የተመሠረተ ነበር። በመድረክ ላይ የምንሰማው ዲጆኔት ሕዝብ ፊት ያለ ዲጆኔት ነው። በስቱዲዮው ግን ብዙውን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ዝም ብሎ፣ ፒያኖና ባስ ብቻቸውን ሲነጋገሩ ይተዋቸዋል። ከአንድ ምሽት ተነሥተን የአንድን ቡድን ጠባይ መደምደም ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ እንማራለን። እዚህ ላይ የአርቲስቱ ፈቃድ ብዙ አያጨቃጭቅም፤ ሦስቱም ሊቀረጹ ብለው ነው የገቡት፤ የከለከላቸው ውል እንጂ ኅሊና አልነበረም። እንዲህ ያለውን ቅጂ ማውጣት የተቋረጠ ሥራን መጨረስ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከዚህ ይከብዳል። በ1966 እና በ1975 መካከል አንድ የኢቫንስ አድናቂ ወደዚያው ወደ ቪሌጅ ቫንጋርድ እየሄደ፣ መቅረጫ ደብቆ እያስገባ፣ ምሽት በምሽት ይቀዳ ነበር። ከእነዚህ ክሮች የተመረጡት በ1996 «ዘ ሲክሬት ሴሽንስ» ተብለው በስምንት ሲዲ ታተሙ። አሳታሚው ስሙን እንኳ አልሸሸገም፤ «የምሥጢር ቀረጻዎች» ብሎ ሰየማቸው።

ለተማሪዎቼ ይህን ስብስብ ሳስደምጥ ሁልጊዜ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ስርቆት ነው» ይላል። ሌላው ወገን «ባይቀዳው ኖሮ ዘጠኝ ዓመት በነፋስ ይወሰድ ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የጃዝ ሙዚቀኛ ዋና ሥራ እዚያው፣ በዚያች ቅጽበት የሚፈጥረው ነው፤ የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ቆሞ የዕለቱን ቅኔ እንደሚዘርፍ ማለት ነው። የዛሬው ቅኔ ነገ አይደገምም። ስለዚህም ያልተቀረጸ ምሽት ጨርሶ ይጠፋል። ነገር ግን ሙዚቀኛ አንዳንዴ የሚደፍረው ምሽቱ እንደሚጠፋ ስለሚያውቅ ነው። ዛሬ የማይሆን ነገር ልሞክር፣ ብወድቅም ከዚህ ቤት አይወጣም ይላል። የተደበቀው መቅረጫ የሚሰርቀው ነገር ካለ ድምፁን ብቻ አይደለም፤ የመሳሳት ነፃነቱንም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ካርቶኑ ውስጥ አሥራ አንድ ካሴቶች አሉ ብያችኋለሁ። አሥራ ሁለተኛው በኪሴ ነው፤ የእኔ ነው። በተማሪነቴ የመጨረሻ ዓመት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ትንሽ መቅረጫ በቦርሳዬ ይዤ ወደ መምህሬ ትምህርት ገባሁ። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ደብተሬን እስክሰበስብ ድረስ ለራሳቸው አንድ ዘገምተኛ ዜማ ተጫወቱ። ቦርሳዬ ክፍት ነበር። አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ያረፉ ጊዜ ከቀብር ተመልሼ የሰማሁት ያንን ነው። ስለ ኢቫንስ አድናቂ «ሌባ» ለማለት የምቸገረው ፍልስፍና ስላጠናሁ አይደለም።

ወደ አራተኛው ምሳሌ ልለፍ። በኦገስት 31 እና በሴፕቴምበር 8 ቀን 1980 መካከል ኢቫንስ ከማርክ ጆንሰንና ከጆ ላባርበራ ጋር በሳን ፍራንሲስኮ፣ ኪስቶን ኮርነር በተባለ የሙዚቃ ቤት ተጫወተ። ለረጅም ዓመታት በአደንዛዥ ዕፅ የተጎዳው አካሉ በዚያ ወቅት እየተሸነፈ ነበር። በሳምንቱ ሞተ። የእነዚያ ምሽቶች ቀረጻ በኋላ «ዘ ላስት ዋልትዝ» እና «ኮንሰክሬሽን» በተባሉ ሁለት ስብስቦች፣ እያንዳንዳቸው በስምንት ሲዲ፣ ወጣ። አሥራ ስድስት ሲዲ ከዘጠኝ ቀን! በዚህ ላይ ከሦስት ወር ገደማ በፊት በቪሌጅ ቫንጋርድ የተቀረጸው ስድስት ሲዲ አለ። የአንድ ሰው የመጨረሻ በጋ ከብዙዎቻችን ሙሉ ሕይወት በላይ ተቀርጿል።

ይህ ብዛት ጥቅም አለው። «ናርዲስ» የተባለውን ዜማ ብቻ እንውሰድ። በ1961 በተቀረጸው «ኤክስፕሎሬሽንስ» አልበም ላይ ርዝመቱ ከስድስት ደቂቃ ያንሳል፤ ሥርዓት ያለው፣ የተገደበ ነው። በ1980 ኢቫንስ ብቻውን ረጅም መግቢያ ይጫወታል፤ ባስና ከበሮ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል፤ ዜማው እንደየምሽቱ እስከ አሥራ አምስት ደቂቃና ከዚያም በላይ ይሄዳል። መግቢያው ከምሽት ምሽት ይለያያል። አንድ ምሽት ብቻ ብንሰማ «ኢቫንስ በስተመጨረሻ እንዲህ ይጫወት ነበር» እንላለን። ብዙ ምሽቶችን ስንሰማ ግን የትኛው ሐረግ የተዘጋጀ እንደሆነ፣ የትኛው በዚያች ቅጽበት የተወለደ እንደሆነ መለየት እንችላለን። ስለ ቅጽበታዊ ፈጠራ ለሚያጠና ተማሪ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ጉዳትም አለው። ሲዲዎቹን በተከታታይ ስሰማ አንድ ሰው ሲሞት እያየሁ እንደሆነ ይሰማኛል፤ ሙዚቃውን መስማት ትቼ ምልክት መፈለግ እጀምራለሁ። ይህ አሰማም እንደሚያሳስት የሚያሳይ አንድ ማስረጃ ልስጣችሁ። በኦገስት 1977 የተቀረጸው «ዩ መስት ቢሊቭ ኢን ስፕሪንግ» የወጣው ኢቫንስ ከሞተ በኋላ በ1981 ነው። በውስጡ ለወንድሙ ለሃሪ መታሰቢያ የተሰጠና «ዳግም እንገናኛለን» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የያዘ ድርሰት አለ። ሃሪ በ1979 ሞቷል፤ አልበሙ ለአድማጭ ሲደርስ ሁለቱም ወንድማማቾች በመቃብር ነበሩ። ስለዚህ ሁላችንም እንደ ሙሾ እንሰማዋለን። ነገር ግን ጣቶቹ ያንን ዜማ ሲጫወቱ ሃሪ በሕይወት ነበር። መዘግየቱ በሙዚቃው ላይ አንዲት ኖታ ሳይጨምር ትርጉሙን ለወጠው። የዘገየ ቅጂ ስትሰሙ ሁለት ጊዜዎችን ለዩ፤ የተጫወቱበትንና የወጣበትን። መካከላቸው ያለው ሐዘን የእኛ እንጂ የተጫዋቹ ላይሆን ይችላል።

እነዚህን ምሳሌዎች ይዤ ወደ ካርቶኑ ልመለስ።

የመጀመሪያው ሥራችን ክሮቹን ማትረፍ ነበር። ካሴት አይጠብቅም። የአንዳንዶቹ መጫኛ ስፖንጅ ረግፏል፤ ሁለቱ ሻጋታ ይዟቸዋል። ከፍተን ወደ አዲስ ቅርፊት ማዛወር፣ የማጫወቻውን ጭንቅላት በአልኮል እየጠረጉ አንድ ጊዜ ብቻ ማጫወት፣ በዚያው ጊዜ ወደ ዲጂታል መቅዳት ነበረብን። ቀጥሎ የፍጥነት ጥያቄ መጣ። ያረጀ መቅረጫ ሲቀዳ ቀርፎ ከነበረ፣ በትክክለኛ ማጫወቻ ላይ ሙዚቃው ፈጥኖና ቀጥኖ ይሰማል። የመምህሬ ፒያኖ ራሱ ከመቃኛው ዝቅ ያለ ስለነበር በፒያኖው መመዘን አልቻልንም። ያዳነን እንደ ጉድለት የምንቆጥረው ነገር ነው፤ ከሥር የሚሰማው የመብራት ጉርምርምታ። የአገራችን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ጉርምርምታው 52 ላይ ከተገኘ ክሩ የቱን ያህል እንደፈጠነ እናውቃለን። ቆሻሻ ብለን በሶፍትዌር ብንጠርገው ኖሮ ምስክሩን በገዛ እጃችን ባጠፋን ነበር።

ቀጥሎ መስማት ነበር። ከካሴቶቹ ሦስቱ ላይ መምህሬ በእጃቸው ቀንና የዜማ ስም ጽፈዋል። በቀሩት ስምንቱ ላይ ምንም አልተጻፈም። ባልተጻፈባቸው ላይ አንድ ዜማ ጀምረው ያቋርጣሉ፣ ደግመው ይጀምራሉ፤ በአንዱም ላይ ከሦስት ሙከራ በኋላ ድምፃቸው በግልጽ ይሰማል፤ «አልሆነም» ይላሉ። ሌላ ቃል የለም። የተቀረጸ ፍርድ ነው። እኔ በቦርሳዬ የቀዳሁት ያንኑ ዜማ ነው፤ በእኔው ካሴት ላይ ደግሞ፣ ማንም የማይሰማቸው ሲመስላቸው፣ ሆኗል።

እንግዲህ ሕጉን ብንጠይቅ መልሱ አጭር ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የኢኮኖሚ መብቱ ከደራሲው ሞት በኋላም ለ50 ዓመታት ይጠበቃል፤ የሚወስኑት ወራሾች ናቸው። ልጃቸው ልትፈቅድ ትችላለች። እርስዋ የጠየቀችኝ ግን ስለ መብት አልነበረም። የጠየቀችኝ ስለሚገባው ነገር ነው።

ለእርስዋ የሰጠኋት መልስ የሚከተለው ነው፤ ለእናንተም ለትችት አቀርበዋለሁ። አንደኛ፣ ሁሉም ይዳን። ማትረፍና ማሳተም ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ ለማሳተም እያመነታን ማትረፍን ብናዘገይ ሻጋታው ይወስንልናል። ሁለተኛ፣ መምህሬ ቀንና ስም የጻፉባቸው ሦስቱ ይታተሙ። በካሴት ላይ ስም መጻፍ የፊሊንገኑን ስቱዲዮ እንደ መግባት ነው፤ አንድ ቀን ሌላ ሰው እንዲያገኘው ማሰብ ነው። ሦስተኛ፣ ያልተጻፈባቸው ስምንቱ አይታተሙ፤ ነገር ግን በማዳመጫ ክፍል፣ ለሚያጠና ተማሪ፣ ክፍት ይሁኑ። «አልሆነም» ያሉትን ፍርዳቸውን ሳንሽር ከፍርዳቸው መማር እንችላለን። አራተኛ፣ የሚታተመው ቅጂ ሁሉ መቼ እንደተቀረጸ፣ ማን እንደመረጠው፣ ምን እንደተስተካከለበት በግልጽ ይጻፍበት። አድማጭ የመምህሬን ምርጫ ከእኔ ምርጫ መለየት አለበት።

ይህን መንገድ ስናሰላስል ብቻችንን አይደለንም። ጃዝ ባይሆንም በፒያኖ ታሪካችን ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ያላቸው እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ2023 በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ፣ አዲስ አበባ እቤታቸው በካሴት የቀረጿቸው የድምፅ ዜማዎች በ2024 በአልበም ወጥተዋል። በፒያኖ ብቻ የምናውቃቸው እናት ሲያዜሙ ሰማናቸው። በየቤታችን ቁም ሣጥን ላይ፣ በየአልጋው ሥር ስንት እንዲህ ያለ ክር እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን አትበሉኝ። አያቶቻችሁን ጠይቁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ የአሥራ ሁለተኛው ካሴት ጉዳይ። ባስቀመጥኩት መመዘኛ መሠረት ሊታተም አይችልም። መምህሬ አልፈቀዱም፣ አላወቁም፣ ስምም አልጻፉበትም። ከሁሉም ይበልጥ የሚያምረው እርሱ ነው፤ ማማሩ ግን ፈቃድ አይሆነኝም። ባለፈው ወር ለልጃቸው ወሰድኩላትና እንዴት እንዳገኘሁት ነገርኳት። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅ «አባቴ እቤት ይህን ጨርሰው ሲጫወቱ ሰምቼ አላውቅም» አለች። ከዚያም ካሴቱን መልሳ በእጄ አስቀመጠችው፤ «እርስዎ ጋ ይቆይ፤ ለተማሪዎችዎ ግን እንዴት እንደቀዱት ይንገሩልኝ» አለችኝ።

ዛሬ ነገርኳችሁ።